የሐይቁ ዳር መሬት የኮረብታውን እርሻ ይተካል ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ከተማ ውስጥ መምህር ነኝ። አባቴ የሚያርሱት ጊልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዳር ባለ ቀበሌ ነው። መሬታቸው ሦስት ዓይነት ነው። ኮረብታው ላይ ቡናና በቆሎ ያለበት ቀይ አፈር አለ። ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ የሚረጥብ ጨፌ አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ውኃው ሲሸሽ ከጎረቤት ጋር ተካፍለው የሚዘሩበት ጥቁር መሬት አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝናቡ አልጨበጥ ብሏል። ሚያዝያ የተዘራው በቆሎ ግንቦት ላይ ይደርቅና እንደገና ይዘራል። አባቴ ‹ሐይቁ ከመጣ ወዲህ ዝናቡ ሸሸ› ይላሉ። አሁን ኮረብታውን ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት፣ ጨፌውን ሊያጠነፍፉት፣ በቆሎውን በሙሉ ወደ ሐይቁ ዳር ሊያወርዱት አስበዋል። እኔን የውኃ ፓምፕና ማዳበሪያ እንድገዛላቸው ጠይቀውኛል። ልግዛ ወይ?»

ፓምፑን አይግዙ። ለሐይቁ ዳር መሬት ማዳበሪያ አይላኩ። ያሰቡትን ገንዘብ ኮረብታው ላይ ያውሉት። አባትዎ ካነሷቸው ነገሮች ግን ግማሾቹ ልክ ስለሆኑ ምክንያቱን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

በዝናቡ እንጀምር። አባትዎ ያዩት ለውጥ እውነት ነው። ሐይቁን ተጠያቂ ማድረጋቸው ግን ልክ አይደለም። የጅማ አካባቢ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ይህ ዝናብ የሚመጣው ከሩቅ ነው። እርጥበቱን ተሸክመው የሚመጡት ነፋሶች ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይነሣሉ። ደቡብ ምዕራቡ ከሌላው የሀገሪቱ ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ የሚዘንብለትም ለዚሁ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ይሄድና ክረምቱን አልፎ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከዚህ ትልቅ ጉዞ ጋር ሲተያይ የጊልገል ጊቤ ሐይቅ በጣም ትንሽ ነው። ጠዋት ዳርቻው ላይ ጭጋግ ሊያበዛ ይችላል። የሌሊቱን ብርድም ትንሽ ያለዝብ ይሆናል። ዝናብ የማባረር አቅም ግን የለውም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገሮችን ያምታታል። በዓመት የሚወርደው የዝናብ መጠን አንድ ነገር ነው። አመጣጡ ሌላ ነገር ነው። የዓመቱ ድምር ምንም ሳይቀንስ በቆሎ ሊጠፋ ይችላል። ሚያዝያ ላይ ሁለት ጥሩ ዝናብ ይጥላል፣ ገበሬው ይዘራል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ጸጥ ይላል። ቡቃያው ሥሩን ሳያወርድ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ የጎደለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። መዝገቡ ላይ ዓመቱ ደህና ነው፤ ማሳው ላይ ግን ዓመቱ ጠፍቷል። ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ሲከሰት ደግሞ የክረምቱ ዝናብ በብዙ የሀገሪቱ ክፍል ይዛባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሙቀቱ ራሱ ጨምሯል። አየሩ ሲሞቅ ከአፈሩም ከቅጠሉም የሚተነው ውኃ ይበዛል። ስለዚህ የዱሮው ዓይነት የአሥር ቀን ድርቀት ዛሬ የበለጠ ይጎዳል።

ሌላው ምክንያት ከሰማይ አይደለም፣ ከመሬቱ ነው። ዛፍና ሣር የነበረው ኮረብታ ሲራቆት የዘነበው ዝናብ ወደ አፈር አይገባም፣ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ማሳው ውኃ አግኝቶ ውኃ የለውም። ገበሬው «ዝናብ አጠረ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። የዘነበው ውኃ ማሳው ውስጥ አልቆየም ማለት ነው። ይህኛው በእጃችን ያለ ነገር ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሐይቁ እንውረድ። ጊልገል ጊቤ ሐይቅ እንደ ጣና ወይም እንደ ዝዋይ በተፈጥሮ የተገኘ አይደለም። ለመብራት ኃይል ተብሎ የተገደበ ውኃ ነው። ኃይል ማመንጫው ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህ የሚለቀቀው ውኃ ደግሞ ሥራው አያበቃም። 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ወደ ኦሞ ይገባል። ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ማጠራቀሚያ የለውም፤ የሚጠብቀው እናንተ ሰፈር ካለው ሐይቅ የሚለቀቀውን ውኃ ነው። ሐይቁን እንደ ጎተራ ያስቡት። ክረምት ላይ ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ እየተቀዳ ይጎድላል። ብዙውን ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፉ ይደርሳል። ከኅዳር ጀምሮ ይሸሻል። ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይገኛል። ዝናቡ ሲበረታ ተመልሶ ይመጣል።

የሐይቁ ዳር መሬት ጠባይ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አባትዎ የሚዘሩበት መሬት የዝናብን ቀን መቁጠሪያ አይከተልም፤ የውኃውን ይከተላል። የውኃውን ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ዝናብ ብቻውን አይወስነውም። ምን ያህል ኃይል እንደተፈለገና ምን ያህል ውኃ እንደተለቀቀም ይወስነዋል። አንድ ዓመት ውኃው ቶሎ ይሸሽና ሰፊ መሬት ይገለጣል። በሌላ ዓመት ዘግይቶ ይሸሽና የአምናው ማሳ እስከ ጥር ውኃ ውስጥ ይቆያል። አባትዎ «አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም» የሚሉ ከሆነ ሚስጥሩ ይህ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በጅማ አካባቢ ብዙ ገበሬ የሚዘራው ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ከውኃው ቀድሞ የተገለጠ፣ ከላይ ያለ መሬት ላይ ታኅሣሥ 1 ቢዘራ ግንቦት 11 አካባቢ ይደርሳል። ያ ያስኬዳል። ጥር 1 የተዘራው ሰኔ 11 አካባቢ ይደርሳል። እሱ አጠያያቂ ነው። የካቲት 1 የተዘራው ግን የሚደርሰው ሐምሌ 11 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ውኃው እየተመለሰ ነው። አገዳው ቆሞ፣ ፍሬው ሳይደርቅ፣ ሥሩ ውኃ ውስጥ ይገባል። ዝቅ ብሎ ያለው ጥቁር መሬት በዓይን ሲታይ ከሁሉም ያማረ ነው። የሚገለጠው ግን መጨረሻ ላይ፣ የሚሰጥመው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ነው። ገበሬ የሚከስረው ብዙ ጊዜ እዚህ መሬት ላይ ነው።

ስለ አፈሩም አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ያ ጥቁር መሬት ጥቁር ስለሆነ ብቻ የማያልቅ ለም መሬት ይመስላል። በላዩ ያለው አዲስ ደለል እርግጥ ለም ነው። ከየት እንደመጣ ግን ያስቡ። ከላይ ካሉት ማሳዎች፣ ከቦረቦሮች፣ ከወንዝ ዳር ናዳ የመጣ አፈር ነው። ከፊሉ የአባትዎ ኮረብታ አፈር ሊሆን ይችላል። ከደለሉ ሥር ያለው በአብዛኛው ዋልካ ነው። የአካባቢው ሰው ኮቲቻ ይለዋል። በሸለቆው አንዳንድ ቦታ ደግሞ ላይ ላዩ ነጣ ያለ፣ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ ያለው አፈር ይገኛል። ዋልካ ውኃ ይይዛል፣ ግን አጥብቆ ይይዛል። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ የተክሉን ሥር ይበጥሳል። ውኃ ተኝቶበት የቆየ አፈር ውስጥ ያለ ናይትሮጅን ደግሞ ወደ አየር ይበንናል። ዩሪያ ገዝተው እዚያ ቢበትኑ ከፊሉ እንዲሁ ይጠፋል። የቀረው ውኃው ሲመለስ ወደ ሐይቁ ይገባል።

ወደ ሐይቁ የሚገባው ነገር ሌላ መዘዝ አለው። የማዳበሪያ ንጥረ ነገር የበዛበት ውኃ አልጌና የውኃ አረም ይጋብዛል። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንቦጭ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከብቱ የሚጠጣው፣ ልጆች የሚታጠቡበት፣ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ የሚወጣበት ውኃ ነው። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥለው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው። ጫጩቶቹ የሚጠለሉትም እዚያው ነው። ስለዚህ ውኃው ጫፍ ድረስ የሚታረስና የሚረጭ ሰው የጎረቤቱን ዓሣ አጥማጅ ይጎዳል። መቼም የዓሣን ነገር ካነሣን፣ በብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣ ማደንዘዝ አሁንም በአንዳንድ ቦታ ይሠራበታል። ትንሹንም ትልቁንም አብሮ ስለሚገድል መቆም ያለበት ልማድ ነው። ዛፉ ግን ጥሩ ዛፍ ነው። ለቡና ጥላ እንፈልገዋለን።

ወባም መነሣት አለበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዚሁ ሐይቅ አጠገብ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ልጆች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ ይበልጥ ተይዘው ተገኝተዋል። በኋላ የወጣ ጥናት ልዩነቱን ያን ያህል ግልጽ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ሐይቁ ብቻውን ወባ አመጣ ብሎ መደምደም አይቻልም። በቆሎን በተመለከተ ግን ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የወባ ትንኝ እጭ ውኃ ላይ የረገፈውን የበቆሎ አበባ ዱቄት ይመገባል፣ በፍጥነትም ያድጋል። ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው ላይ የከብት ኮቴ ያጎደጎዳቸው ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ከጎናቸው በቆሎ ሲያብብ ደግሞ ለትንኙ ማደጊያም ምግብም ይሆናል። ቤቱ ለሐይቁ ቅርብ ከሆነ፣ ሁሉንም በቆሎ እዚያ ማውረድ ጤናንም ይነካል። አጎበሩ በየሌሊቱ ይዘርጋ።

ጉማሬ ባለበት ዳርቻ ደግሞ የሌሊት ጥበቃ ግዴታ ይሆናል። እዚሁ ጅማ ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ፤ የአካባቢው ገበሬ ያውቀዋል። ሌሊት ወጥቶ የሚግጠው ሣር ብቻ አይደለም። ማሳ ለመጠበቅ ብሎ በጨለማ ከጉማሬ ጋር መጋፈጥ ሕይወት ያስከፍላል። የትኛውም ምርት ለዚህ አይበቃም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ነገሩ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ውኃው የሚተኛበት መሬት የግድቡ ነው። በአባትዎ የይዞታ ደብተር ላይ ያለው ኮረብታውና ምናልባት ጨፌው ነው። ካሳ የሚጠየቀው በሕግ በተያዘ ይዞታ ላይ ነው። ዳርቻው ላይ የተዘራ በቆሎ በውኃ ቢበላ የሚጠየቅ አካል አይኖርም። በዚያ ላይ ኮረብታው ጦም አድሮ ከቆየ ሌላ ችግር ይመጣል። በተከታታይ ሳይለማ የቀረ መሬት የይዞታ መብትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ደብተር ያለውን መሬት ትቶ ደብተር የሌለውን ማረስ ለልጆችም የሚያወርሱት ነገር አያስቀርም። አባትዎ ውሳኔያቸውን ከመጀመራቸው በፊት ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ድንበሩን ያረጋግጡ። ዳርቻውን መዝራት በቀበሌው የተፈቀደ መሆኑንም እግረ መንገዳቸውን ይጠይቁ።

ጨፌው ላይ እንቆይ፤ ከሦስቱም መሬቶች በቀላሉ የሚጠፋው እሱ ነውና። አባትዎ ጨፌውን ሲያዩት ሥራ የፈታ መሬት ይመስላቸው ይሆናል። ጨፌ ግን ከኮረብታው የሚሰርገውን ውኃ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ቦታ ነው። ከሥሩ ያለው ምንጭ የካቲት ላይ የማይነጥፈው በእሱ ነው። ከኮረብታው የሚወርደውን ደለልም ከሐይቁ በፊት የሚያስቀረው እሱ ነው። የቤት ክዳን ሣሩ፣ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማ፣ በበጋ ለከብት የሚታጨደው መኖ ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ቦይ ቆፍረው ሙሉ በሙሉ ቢያጠነፍፉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ያስደስታል። በኋላ ግን ጥቁሩ ብስባሽ አፈር አየር ሲያገኝ በስብሶ ያልቃል፣ ይሰምጣል፣ ይጠጥራል። ከዚያ በኋላ የሚበቅልበት ለከብትም የማይሆን ሣር ነው። በኢሉባቦር፣ በመቱ ዙሪያ፣ ይህ በብዙ ጨፌዎች ላይ ታይቷል። እዚያው ደግሞ ጨፌን ሳያጠፉ ያረሱ ገበሬዎች አሉ። የጨፌውን ራስ፣ ማለትም ውኃው የሚመነጭበትን የላይኛውን ክፍል፣ አይነኩም። ከጠርዙ ጥቂት ያርሳሉ። ቦዩን ጥልቅ አያደርጉም። ክረምት ሲቃረብ ቦዩን ይደፍኑትና ውኃው ተመልሶ ይተኛል። አባትዎ ጨፌውን የግድ መንካት ካለባቸው በዚህ መንገድ ብቻ ይንኩት። ጠርዙ ላይ ጎደሬ ጥሩ ይሆናል። ጎደሬ እርጥበት ይወዳል።

ባሕር ዛፍ ጨፌ ውስጥ ጨርሶ አይተከል። የጅማን የራሷን እርጥብ መሬቶች፣ ቦዬንና ቂጦን፣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአንድ በኩል እርሻ፣ በሌላ በኩል የጡብ ጭቃ ቁፋሮ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍና ቆሻሻ ተጨምሮባቸው እየጠበቡ ሄደዋል። ባሕር ዛፍን የምጠላ ሰው አይደለሁም። አጣናው በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ማገዶ ይሆናል። ገበሬ በችግር ቀን የሚቆርጠው ባንኩ ነው። ችግሩ ቦታው ነው። ቦታው ድንጋያማው፣ ሌላ ነገር አላበቅል ያለው የኮረብታው ጫፍ ነው። ከምንጭ፣ ከቡና ማሳና ከጎረቤት ድንበር ራቅ ብሎ ይተከል። መልካሙን ቀይ አፈር ግን አይስጡት። አንዴ ከተተከለ ጉቶውን አውጥቶ መሬቱን ወደ እህል መመለስ የብዙ ዓመት ድካም ነው።

አሁን ኮረብታው። ከሦስቱ መሬቶች ብዙ ገንዘብ የሚገባው ይሄ ነው። ቀዩ አፈር ጥልቅ ነው፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ሥር ያወርዳል። ቡና የሚፈልገው ይህን ነው። ድካሙ ሁለት ነው፤ ይታጠባል፣ ይኮመጥጣል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በውኃ ታጥቦ ይወርድና አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የጨመሩትን ፎስፈረስ ብረቱና አሉሚኒየሙ ይይዘዋል፤ በቆሎው አያገኘውም። ገበሬው ግን «ማዳበሪያው አልሠራም» ይልና በሚቀጥለው ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ ከማዳበሪያ በፊት አፈሩ ይመርመር። አሲዳማ ከሆነ መጀመሪያ የሚገዛው ኖራ ነው። መጠኑን የሚወስነው ምርመራው ነው። በግምት የተበተነ ኖራ ገንዘብ ያባክናል፣ ሲበዛም አፈሩን ይጎዳል።

ቀጥሎ የጎርፉ ነገር ነው። ተዳፋቱን ይለኩ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ያስቀመጠው መለኪያ ጥሩ መነሻ ነው። ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ነው። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ ነው። 60 በመቶ ማለት መቶ ሜትር ወደፊት ሲሄዱ 60 ሜትር ወደ ላይ መውጣት ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ስለተተካ፣ አሁን የሚሠራበትን ዝርዝር የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ሲያነጋግሩ አብረው ይጠይቁ። ቁልቁሉ ላይ ያለውን በቆሎ ወደ ቡና፣ ወደ ፍራፍሬና ወደ መኖ መቀየር፣ ለዘብ ባለው ቦታ ላይ በቆሎን ማቆየት። የኮረብታው ድልድል ይህ ነው።

እርከኑ አፈር ብቻ ከሆነ በአንድ ክረምት ይናዳል። ሣር ይተከልበት። ደሾ ሣር ለመኖም ይሆናል። ቬቲቨር ደግሞ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚገባ አፈር አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ጎን ስለማይስፋፋም ማሳውን አይወርም። ይህ ሣር ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እዚሁ ጅማ መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው። ከዚያ ወደ ኢሉባቦር ተስፋፋ። ደጃችን ላይ ያለ መፍትሔ ስለሆነ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። እርከኑን በገመድና በውኃ ልክ መቀየስ ግድ ነው። በዓይን ግምት የተሠራ እርከን ውኃውን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስብና ቦረቦር ይከፍታል። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ለዚህ ሥራ ይጥሩት።

ቡናው ላይ ያረጀውን ይጎንድሉት፤ ማለትም ግንዱን ዝቅ አድርገው ቆርጠው አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ያድርጉ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አይጎንድሉ፤ ገቢ ይቋረጣል። ተራ በተራ፣ በየዓመቱ ከፊሉን ይጎንድሉ። የሞተውን ሲተኩ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙትን፣ ከጅማ ምርምር የወጡትን እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች ይጠይቁ። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን እ.ኤ.አ. ያሳያል። ጥላው አይቆረጥ። ዋንዛ፣ ሳሳ፣ ብርብራ ይቁሙ። ሙቀቱ በጨመረበት ጊዜ ጥላ ቅንጦት አይደለም። ቡናው ሥር የሚጎዘጎዘው ቅጠልና ገለባ ከላይ ያነሣሁትን ሁለት ሦስት ሳምንት ጸጥታ ለመሻገር ይረዳል። በቆሎውም ላይ እንዲሁ። ሚያዝያ የሚዘሩ ከሆነ በመጀመሪያው ዝናብ አይቸኩሉ። አፈሩ ወደ ታች በደንብ መራሱን በመቆፈሪያ ያረጋግጡ። ዘሩንም በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ ከፍለው በተለያየ ሳምንት ይዝሩት።

የሐይቁን ዳር ጨርሶ ይተውት እያልኩ አይደለም። የተፈቀደ ከሆነ መሬቱ ስጦታ ነው። ግን ለተጨማሪ ምርት እንጂ ለቤተሰቡ ዋና እህል አይሁን። ቀድሞ የተገለጠውን የላይኛውን ክፍል ብቻ ይዝሩ። ከሰኔ 1 ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ከዚያ ቀን በፊት የማይሰበሰብ ነገር አይዘራበትም። ቦሎቄ በ90 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ ጥር መግቢያ ላይ ቢዘራ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ይሰበሰባል። ሽምብራ ቀሪ እርጥበትን ይወዳል፤ ቀደም ብሎ በተገለጠው ዋልካ ላይ ይሆናል። ጎመን፣ እሸት የሚበላ ጥቂት በቆሎም ይቻላል። ጓያ ከዘሩ ለመኖ ይሁን። በተደጋጋሚና በብዛት የተበላ ጓያ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይመለስም። ውኃው ጫፍ ላይ የሣር ሰቅ ይተዉ፤ አይታረስም፣ አይረጭበትም። ቦረቦር ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይም ማረሻ አይግባ። ከብቱን ደግሞ እርጥቡ ዳርቻ ላይ ከማሰማራት ሣሩን አጭደው፣ አጠውልገው ይስጡ። እርጥብ ሣር ላይ የጉበት ትል አለ፤ አልቅትም አለ። ወደ ጊቤ ሸለቆ ዝቅ ባለው በኩል ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታም ያሰጋል። ከብት የከሳ እንደሆነ መድኃኒት በግምት ከመግዛት የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

ፓምፑን የከለከልኩበት ምክንያት ይህ ነው። ሐይቁ በጋ ላይ ይሸሻል፤ ፓምፑ የሚፈለገው ደግሞ በዚያው ጊዜ ነው። መጋቢት ላይ ውኃው ከማሳው በጣም ርቆ፣ በጭቃ ተከቦ ይገኛል። ቱቦው ይረዝማል፣ ነዳጁ ይበዛል። ወደ ኮረብታው ለመግፋት ከታሰበ ደግሞ ከፍታው ወጪውን እጥፍ ድርብ ያደርገዋል። ዳርቻው ላይ ያለው ቦሎቄና ሽምብራ በቀሪ እርጥበት ስለሚያድግ ፓምፕ አይፈልግም። ሐሮማያ ላይ የሆነውም አይረሳ። በየዳርቻው የተተከለ ፓምፕ፣ በደለል ከመሞላት ጋር ተደርቦ፣ ያንን የሚያህል ሐይቅ እስከ መድረቅ አድርሶት ነበር። ለዓመታት ቆይቶ ውኃው ከፊል ቢመለስም፣ በመሐሉ የተጎዳው ገበሬ ብዙ ነው።

ገንዘቡን እንዲህ ይከፋፍሉት። ከሁሉ በፊት የአፈር ምርመራውን ያሠሩ። ከዚያ ለእርከኑ የሰው ጉልበትና ለሣር ችግኙ ይክፈሉ። ሥራው ከጥር እስከ መጋቢት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለና ገበሬው እጁ ፈታ ሲል ይሠራ፤ ሣሩ ግን ዝናቡ ሲይዝ ይተከል። ምርመራው ካዘዘ ኖራ ይግዙ፣ ከመዝራት ቀደም ብሎም ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። የተረፈው ለቡና ችግኝና ለቦሎቄ ዘር ይሁን። ዳርቻው ላይ የሚያወጡት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ቤተሰቡን የማያስርበውን ያህል ብቻ ይሁን።